አፈር ጋን አይደለም
«የማሳ ልክ» ስለ ተባለው ትምህርት የቀረበ ትችት

አፈር ውሃን እንዴት እንደሚይዝና እንዴት እንደሚያሳልፍ የሚያስተምሩት መጻሕፍት አብዛኛዎቹ በአንድ ምዕራፍ ይገናኛሉ። በዚያ ምዕራፍ ሁለት ቁጥሮች ይገኛሉ። አንደኛው «የማሳ ልክ» የሚባለው ነው፤ ይኸውም ዝናብ ወይም መስኖ አፈሩን ካጠገበውና ትርፉ ወደ ታች ከወረደ በኋላ በአፈሩ ውስጥ የሚቀረው የውሃ መጠን ነው። ሁለተኛው «የመጠውለጊያ ልክ» ነው፤ ይኸውም የተክሉ ሥር ውሃ መሳብ ተስኖት ቅጠሉ ጠውልጎ የማይመለስበት መጠን ነው። ተማሪው ሁለተኛውን ከአንደኛው ይቀንስና የቀረውን «ተክል የሚያገኘው ውሃ» ብሎ ይጽፋል። ከዚያም ይህን ውሃ ተክሉ በቀን ለሚጠጣው ያካፍልና ማሳው ስንት ቀን ሳይጠጣ እንደሚቆይ ይናገራል። ፈተናውም በዚህ ያልፋል።

ይህ ትምህርት ፈጽሞ ሐሰት ነው ለማለት አንደፍርም። ብዙ ማሳ በእርሱ ሒሳብ ውሃ ጠጥቷል፤ ብዙ ፍሬም ተለቅሞበታል። ነገር ግን ከተወለደበት አገር ተነሥቶ ወደ መማሪያ ክፍላችን እስኪደርስ ድረስ በመንገድ ላይ አንድ ነገር ጥሎ መጥቷል። የጣለውም ከቁጥሩ የሚበልጠውን፣ ማለት ቁጥሩ የሚሠራበትን ሁኔታ ነው። እንደዚህ ሆኖ ሲቀርብ አፈርን እንደ ጋን ያስቆጥረዋል። ጋን እስከ አፉ ይሞላል፤ የተረፈው ይፈስሳል፤ የቀረው እስኪቀዳ ድረስ ባለበት ይቀመጣል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አፈር ጋን አለመሆኑን ማስረዳትና፣ እንደ ጋን የተቆጠረ እንደ ሆነ በአገራችን ጥቁር አፈር ላይ ምን ዓይነት ስሕተት እንደሚያስከትል ማሳየት ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢው እንዲያስታውስልን እንለምናለን።

1ኛ፤ የትምህርቱ አመጣጥ

ውሃ በአፈር ውስጥ የሚያደርገውን ጉዞ በልክ መርምረው ሕግ ያወጡለት ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ናቸው። እኒህ ሰው ለዲዦን ከተማ የመጠጥ ውሃ ያስገቡ ሲሆኑ፣ አሸዋ በተሞላ ቁም ቧንቧ ውስጥ ውሃ እያሳለፉ ለክተው ያገኙትን በ1856 ዓ.ም. አሳተሙ። ሕጉም የሚያልፈው ውሃ በላይና በታች ባለው የውሃ ከፍታ ልዩነት መጠን ይበዛል፤ በአሸዋው ርዝመት መጠን ደግሞ ያንሳል የሚል ነው። ነገር ግን የዳርሲ አሸዋ በውሃ የጠገበ ነበር። የገበሬ ማሳ ግን አብዛኛውን የዓመቱን ጊዜ የሚያሳልፈው ከቀዳዳው ከፊሉ በውሃ፣ ከፊሉ በአየር ተይዞ ነው።

ይህን ያልጠገበ አፈር የመረመሩት በአሜሪካ መንግሥት የአፈር ቢሮ ይሠሩ የነበሩት ኤድጋር ባኪንግሃም ናቸው። በ1907 ዓ.ም. ባወጡት ጽሑፍ ውሃ በአፈር ውስጥ የሚንቀሳቀሰው መጠኑ ከበዛበት ወደ አነሰበት ብቻ ሳይሆን፣ በቀላሉ ከተያዘበት ወደ አጥብቆ ወደሚሳብበት እንደ ሆነ አስረዱ። ይህን ለመረዳት የኩራዝ ክር ማየት ይበቃል። ጋዙ ወደ ላይ የሚወጣው ማንም ሳይገፋው፣ የክሩ ጠባብ ቀዳዳዎች ስለሚስቡት ነው። በአፈርም እንደዚሁ ነው። የቀዳዳው መካከለ ስፋት፣ ማለት ከመካከል እስከ ዳር ያለው ርቀት፣ 0.1 ሚሊሜትር የሆነ እንደ ሆነ ውሃን ወደ 15 ሳንቲሜትር ያህል ከፍ አድርጎ ይይዛል፤ 0.01 ሚሊሜትር የሆነ እንደ ሆነ ግን ወደ 1 ሜትር ተኩል ያህል ያወጣዋል። ጠባቡ አጥብቆ ይስባል ማለት ነው።

ታዲያ የሚስበው ያህል ያሳልፋል ወይ ብለን ብንጠይቅ መልሱ ተቃራኒው ነው። አንድ ቧንቧ ከሌላው 10 ጊዜ የጠበበ እንደ ሆነ፣ በእኩል ግፊት የሚያሳልፈው ውሃ 10,000 ጊዜ ያነሰ ነው። እንግዲህ ከዝናብ በኋላ አስቀድመው የሚራቆቱት ሰፋፊዎቹ ቀዳዳዎች ሲሆኑ፣ ለቀረው ውሃ የሚተርፉለት መንገዶች ጠባቦቹ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ጉዞው በብርቱ ይዘገያል። በ1931 ዓ.ም. ሎሬንዞ ሪቻርድስ የዳርሲን ሕግና የባኪንግሃምን ሐሳብ በአንድ ቀመር አገናኙ። የዛሬው የአፈር ፊዚክስ በዚህ ቀመር ላይ የቆመ ነው።

ከዚህ ጋር ጎን ለጎን ሌላ የትምህርት መስመር ይጓዝ ነበር። ይህኛው ለገበሬና ለመስኖ ሠራተኛ ፈጥኖ የሚያገለግል ቁጥር የሚፈልግ ነው። ላይማን ብሪግስና ሆመር ሻንትዝ በ1912 ዓ.ም. ብዙ ዓይነት ተክሎችን መርምረው፣ በአንድ አፈር ላይ ተክሎቹ ሁሉ የሚጠወልጉት በተቀራረበ የውሃ መጠን ነው አሉ። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የነበሩት ፍራንክ ቫይማየርና አርተር ሄንድሪክሰን ደግሞ በ1931 ዓ.ም. «የማሳ ልክ» የሚለውን ስም ለትምህርቱ ሰጡ።

እዚህ ላይ አንባቢው ቆም እንዲልልን እንወዳለን። ሁለቱ ሊቃውንት የማሳ ልክን ሲተረጕሙ፣ ትርፉ ውሃ ከወረደና የመውረዱ ፍጥነት በጉልህ ከቀነሰ በኋላ የሚቀረው ነው፤ ይህም የሚሆነው ከዝናብ ወይም ከመስኖ በኋላ በ2 ወይም በ3 ቀን ውስጥ ነው አሉ። ነገር ግን ይህን ያሉት ውሃ በሚገባ ስለሚያሳልፍና ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ስለ ሆነ አፈር ነው። ደግሞም «ከቀነሰ በኋላ» አሉ እንጂ «ከቆመ በኋላ» አላሉም። ይህ ጥንቃቄ በብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ውስጥ በጥቂት ቃል ይታለፋል፤ ወደ ማስታወሻ ደብተራችን ሲገለበጥ ፈጽሞ ይጠፋል። የሚቀረው ቁጥሩ ብቻ ነው። ትችታችንም በሁለቱ ሊቃውንት ላይ ሳይሆን በእኛው ግልባጭ ላይ ነው።

2ኛ፤ ውሃው አይቆምም

የመጀመሪያው ተቃውሟችን የማሳ ልክ የሚባለው ነጥብ በተፈጥሮ ውስጥ ተለይቶ የማይገኝ መሆኑ ነው። በ1957 ዓ.ም. ኦጋታና ሪቻርድስ አንድ ማሳ ካጠጡ በኋላ እንዳይተንን ሸፍነው ሲለኩ፣ የአፈሩ ውሃ በመጀመሪያ ቶሎ፣ ከዚያ በቀስታ፣ ከዚያም ይበልጥ በቀስታ እየቀነሰ ሲሄድ አገኙት። ከቀን ወደ ቀን ይዘገያል እንጂ «እዚህ ላይ አበቃ» የሚባልበት ቀን የለም። አሸዋማው አፈር በአንድ ቀን ውስጥ የተረጋጋ ሊመስል ይችላል፤ ሸክላማው ግን ከሳምንት በኋላም ይወርዳል። ስለዚህ 2 ወይም 3 ቀን የሚለው ልማድ ለሁሉ አፈር እኩል ሲነገር ፍርድ ማጓደል ይሆናል።

ከዚህም በላይ የማሳ ልክ የአፈሩ ብቻ ጠባይ አይደለም፤ ከበታቹ ያለውም ነገር ይወስነዋል። ደቃቅ አፈር በደረቅ አሸዋ ወይም በጠጠር ላይ ተነጥፎ እንደ ሆነ፣ ከላይ የሚወርደው ውሃ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ምክንያቱም የደቃቁ አፈር ጠባብ ቀዳዳዎች አጥብቀው ሲይዙት የአሸዋው ሰፋፊ ቀዳዳዎች ሊነጥቁት አይችሉም። ከላይ ያለው አፈር ሊጠግብ እስኪቃረብ ድረስ ውሃው ወደ አሸዋው አይገባም። ጠጠር ከሥር ቢደረግ ውሃው ይንጠፈጠፋል ብለው በአበባ ማሰሮ ግርጌ ጠጠር የሚያነጥፉ ሰዎች ሳያውቁት የሚያደርጉት ይህንኑ ነው፤ ሥሩን ከርጥበት ያወጡ መስሏቸው ርጥበቱን ወደ ሥሩ ያቀርባሉ። እንግዲህ አንዱ አፈር እንደ ሥፍራው ሁለትና ሦስት የማሳ ልክ ካለው፣ ከማሳ ተቈርጦ በቤተ ሙከራ ሳሕን ላይ በአንድ ሦስተኛ አትሞስፌር የተለካ ናሙና የትኛውን ሊናገርልን ነው?

ደግሞ ጋኑ የወጣውን ውሃ የጠፋ ያስመስለዋል። ከሥር ሥፍራ ያመለጠ ውሃ ግን ከሒሳባችን ይጠፋል እንጂ ከምድር አይጠፋም። ለዚህ ምስክር የሚሆነን የመካከለኛው አዋሽ ታሪክ ነው። በአሚባራ ሜዳ ሰፊ የጥጥ መስኖ ከተቋቋመ በኋላ፣ በቂ ማንጠፍጠፊያ ስላልነበረ ከተክሉ የተረፈው ውሃ እየወረደ ከታች ያለውን የከርሰ ምድር ውሃ ወደ ላይ ከፍ አደረገው። ወደ ገጽ ሲቃረብም ጠባቦቹ ቀዳዳዎች እንደ ኩራዝ ክር ሳቡት፤ ፀሐይ ውሃውን ስትወስድ ጨው በማሳው ላይ ቀረ። በ1980ዎቹ ዓመታት ብዙ መሬት በዚህ ምክንያት ተበላሽቶ ከእርሻ ወጣ። እንግዲህ ውሃው ወዴት ሄደ ብሎ አለመጠየቅ ዋጋው ይህን ያህል ነው።

3ኛ፤ ብዙ መያዝ ብዙ መስጠት አይደለም

ሁለተኛው ተቃውሟችን «ተክል የሚያገኘው ውሃ» ስለሚባለው ነው። በመማሪያ መጻሕፍት የተለመደውን ግምት እንውሰድ። 1 ሜትር ጥልቀት ያለው አሸዋ በማሳ ልክ ላይ 100 ሚሊሜትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ ከዚህ 50 ያህሉን ለተክል ይሰጣል። መካከለኛ አፈር 280 ይዞ 140 ይሰጣል። ሸክላ አፈር ግን 420 ይይዝና የሚሰጠው 120 ብቻ ነው። የቀረው 300 ሚሊሜትር ከሸክላው ገጽ ጋር ተጣብቆ ሥር ሊያላቅቀው አይችልም። ስለዚህ ሸክላው ከመካከለኛው አፈር ይልቅ እጅግ የበዛ ውሃ ይዞ ሳለ የሚሰጠው ያነሰ ነው። የጨበጡት ጭቃ ስለ ራሰ «ይህ ማሳ አልተጠማም» ብሎ መፍረድ እንደማይገባ ከዚህ ይታያል።

ይህንን ያህል ትምህርቱ ራሱ በሚገባ ያስተምራል፤ እኛም እናመሰግነዋለን። የሚሳሳተው እነዚያ 120 ሚሊሜትሮች ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በእኩል የሚቀዱ አስመስሎ ሲነግረን ነው። ዴንሚድና ሾው በ1962 ዓ.ም. በአሜሪካ በአዮዋ ክፍለ ሀገር በበቆሎ ላይ ያደረጉት ምርመራ ይህን ይቃወማል። ፀሐይ በበረታበትና አየሩ በደረቀበት ቀን በቆሎው አፈሩ ገና ብዙ ውሃ ይዞ ሳለ መጠማት ጀመረ፤ ሰማዩ በደመነበት ቀን ግን አፈሩ ወደ መጠውለጊያ ልክ ተቃርቦም ሳይቸገር ቆየ። ምክንያቱ ከላይ የተናገርነው ነው። ውሃው በአፈሩ ውስጥ አለ፤ ነገር ግን ሥሩ የሚፈልገውን ያህል በጠባቡ መንገድ ፈጥኖ ሊደርስለት አልቻለም። የጋን ውሃ አንድ ጊዜ ካለ አለ ነው፤ የአፈር ውሃ ግን መኖሩ ብቻ ሳይሆን መድረሱም ይጠየቃል።

4ኛ፤ መረሬ ሲመዘን

ሦስተኛው ተቃውሟችን ከሁሉ የሚከብደውና ወደ አገራችን ማሳ የሚያደርሰን ነው። ሸዋ መረሬ፣ ሌላው ዋልካ የሚለው ጥቁር ሸክላ አፈር በኢትዮጵያ ከ12 ሚሊዮን ሄክታር በላይ መሬት ይሸፍናል፤ ከዚህም ከ7 ሚሊዮን የሚበልጠው በደጋው ክፍል ነው። በዚህ አፈር ውስጥ ያለው ሸክላ ውሃ ሲያገኝ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ የሚኰማተር ዓይነት ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁም ከግማሽ ሜትር በላይ ይወርዳል።

የሰኔ ዝናብ በዚህ መሬት ላይ ሲጥል ውሃው በሥርዓት ከላይ ወደ ታች እያረጠበ አይሄድም። በስንጥቁ ገብቶ በአንድ ጊዜ ወደ ጥልቁ ይወርዳል፤ በላይ ያለው ጓል ግን ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ውሃ በሰፊ መንገድ አፈሩን ሳያረጥብ ሊያልፍ መቻሉ አዲስ ወሬ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በሮዝምስቴድ የነበሩት ሎውስ፣ ጊልበርትና ዋሪንግተን በ1882 ዓ.ም. ጽፈውታል፤ ቤቨንና ጀርማን ደግሞ በ1982 ዓ.ም. መቶ ዓመት ሙሉ ችላ መባሉን አስታውሰው እንደገና ቀሰቀሱት። ነገር ግን ጋን ስንጥቅ የለውም፤ ስለዚህ በሁለት ቁጥር በሚሠራ ሒሳብ ውስጥ ለዚህ ጉዞ ቦታ አልተገኘለትም።

ክረምቱ ሲገፋ ነገሩ ይገለበጣል። ሸክላው አብጦ ስንጥቁን ይዘጋል፤ ያን ጊዜ ውሃ ማሳለፉ እጅግ አነስተኛ ይሆናል። ሐምሌና ነሐሴ የሚጥለው ዝናብ መግቢያ አጥቶ በሜዳው ላይ ይተኛል። ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚጓዘው በአየር ውስጥ ከሚጓዘው ወደ 10,000 ጊዜ በሚያህል ቀስ ብሎ ስለ ሆነ ሥሩ ይታፈናል፤ ስንዴው ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። «ትርፉ በ3 ቀን ይወርዳል» የሚለው መጽሐፍ በዚህ ማሳ ላይ ቢነበብ ምን ይባል ይሆን? ትርፉ እስከ መስከረም አይወርድም።

የመረሬ ገበሬ ይህን ሳይማር ያውቀዋል። ስለዚህ ጤፉን ያዘገያል፤ ሽምብራውን፣ ምስሩንና ጓያውን ክረምቱ ሊወጣ ሲል ይዘራና አፈሩ ባስቀመጠው ውሃ ያደርሰዋል። ይህን የሚያይ የከተማ ሰው «ዝናቡ ካለፈ በኋላ የሚዘራ ሰነፍ» ብሎ ሲፈርድበት እንሰማለን። ነገር ግን ይህ ገበሬ ስንፍና ሳይሆን ስሌት ይዟል፤ በነሐሴ የአየርን ማጣት ይሸሻል፣ በኅዳር የውሃን ማጣት ይጋፈጣል። ሁለቱ ችግሮች በአንድ አፈር ላይ በአንድ ዓመት ውስጥ መድረሳቸው ነው የመረሬ ምሥጢር። የጋኑ ሒሳብ የሚያየው ሁለተኛውን ብቻ ነው።

ገበሬው የሚያዘገይ ብቻም አይደለም። በጎጃም ፈሰስ እየቀደደ ውሃውን ከማሳው ያወጣል። በሰሜን ሸዋ በእነዋሪ አካባቢ ቤተ ሰቡ በሙሉ በእጁ አፈር እየዛቀ ከፍ ያለ መደብና ዝቅ ያለ ቦይ ይሠራል። በሸዋ ደጋ ደግሞ የተቆፈረውን አፈር ከምሮ ማጋየት የቆየ ልማድ ነበር። እሳቱ የሸክላውን የማበጥ ጠባይ አጥፍቶ ውሃ የሚያሳልፍ ያደርገዋልና ገብሱ ለጊዜው ያምራል፤ ነገር ግን የአፈሩ ብስባሽና ናይትሮጅን አብሮ ስለሚቃጠል መሬቱ ከጥቂት ምርት በኋላ ለብዙ ዓመት ጦም ያድራል። ይህን ሁሉ ስናይ ገበሬው የውሃን መያዝ ከውሃ መንቀሳቀስ ለይቶ ያወቀ መሆኑን እንረዳለን። «ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው» የሚለው ተረት እዚህ ላይ ለእኛ ለተማሪዎች የተነገረ ይመስላል።

በ1980ዎቹ ዓመታት የተለያዩ የምርምር ተቋማት ከእርሻ ሚኒስቴር ጋር ሆነው የመረሬን ጉዳይ ሲያጠኑ፣ ሁለት ማረሻ አጣምሮ በ120 ሳንቲሜትር ርቀት መደብና ቦይ የሚያወጣ መሣሪያ የሠሩት ከዚህ የገበሬ ልማድና በሕንድ አገር ከተገኘው ልምድ ተነሥተው ነው። መሣሪያው ስንዴን ቀደም ብሎ ለመዝራት አስችሏል። ሆኖም ከአንዱ ማሳ የወጣው ውሃ ወደ ጎረቤት ማሳ ወይም ወደ ቦረቦር መውረዱ አዲስ ጥያቄ አስነሥቷል። ይህም ያው የመጀመሪያው ጥያቄ ነው፤ ውሃው ወዴት ይሂድ?

5ኛ፤ የሚቀርበው መከላከያና የእኛ አሳብ

ለትምህርቱ የሚቆም ሰው ሁለት ነገር ሊለን ይችላል። አንደኛው «ለጀማሪ ቀላል ነገር ይሻለዋል» የሚል ነው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ቀላል ማለት ጎደሎ ማለት አይደለም። «ውሃ በሚገባ ለሚያሳልፍና አንድ ዓይነት ለሆነ አፈር» የሚለው ሐረግ በሰሌዳ ላይ ግማሽ መሥመር አይሞላም። ሁለተኛው «የሪቻርድስ ቀመር ከባድ ነው፤ መለኪያውም ውድ ነው» የሚል ነው። ይህም እውነት ነው። ደግሞም ቀመሩ ራሱ እንደ መረሬ ለሚሰነጠቅና ለሚያብጥ አፈር እንዳለ የሚበቃ አለመሆኑን እንጨምራለን። በዚህ ምክንያት አንዱን ጣዖት አውርደን ሌላውን እናቁም አንልም።

እኛ የምናሳስበው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፤ የማሳ ልክ ቁጥር በተጻፈበት ሁሉ የአፈሩ ዓይነት፣ ከበታቹ ያለው ንጣፍና የተለካበት ቀን አብረው ይጻፉ። ሁለተኛ፤ ተማሪው ከሁለቱ ነጥቦች ይልቅ በመካከላቸው ያለውን መሥመር ይማር፤ ማለት ውሃው እየቀነሰ ሲሄድ አፈሩ ምን ያህል አጥብቆ እንደሚይዝና ምን ያህል እየዘገየ እንደሚያሳልፍ ይወቅ። ሦስተኛ፤ ቁጥሩን ከመጽሐፍ ከመገልበጥ በማሳ ላይ እንለካው። ለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ጥቂት ሜትር ካሬ መሬት በሚገባ አጠጥቶ በላስቲክ መሸፈን፣ በ1ኛው፣ በ2ኛው፣ በ4ኛው፣ በ8ኛውና በ16ኛው ቀን ከየጥልቀቱ አፈር ማውጣት፣ መመዘን፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አድርቆ እንደገና መመዘን ነው። ይህን አንዱ ክፍል በቀይ አፈር፣ አንዱ በመረሬ ላይ ቢሠራው ውጤቱ በዚሁ መጽሔት ሊወጣ የሚችል ይሆናል። የመረሬው ሙከራ ግን አንድ ጊዜ በበጋ ስንጥቁ ክፍት ሳለ፣ አንድ ጊዜም በክረምት ከተዘጋ በኋላ መደረግ አለበት። አለበለዚያ የአንዱን አፈር ግማሽ ታሪክ ለክተን እንቀራለን።

ከመካከላችን ብዙዎቹ ከጥቂት ዓመት በኋላ በእርሻና በመስኖ ሥራ ላይ ተሰማርተው ገበሬን የሚመክሩ ናቸው። ምክራቸው በደብተራቸው ላይ ባለው ቁጥር ልክ ይሆናል። ለመካከለኛ አፈር የተቈረጠው ቁጥር ለመረሬ ሲሰጥ የሚጎዳው ፈተና የወደቀ ተማሪ ሳይሆን፣ ዘሩን በነሐሴ ጭቃ ውስጥ የቀበረ ሰው ነው። ስለዚህ የተከበሩ መምህሮቻችንና የትምህርት ጓደኞቻችን ይህን ጉዳይ መርምረው የሚቃወሙትን እንዲቃወሙ፣ የሚደግፉትንም በማሳ ላይ በተገኘ ልክ እንዲደግፉልን በትሕትና እንጠይቃለን።